ለጥየቃ የመጣ ሙዝ

«አማቷ ታማ ተኝታ፣ ለበሽተኛ የመጣውን ሙዝ ቁም ሣጥን ውስጥ የምትቆልፍ ሴት በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ እትዬ የኔነሽ ከአጥሩ ወዲያ። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸዋል፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ሲጮህ የኖረ ጉሮሮ ግን ዝቅ ማለት አይሆንለትም። ሩፈይዳ ከቆርቆሮው ወዲህ የልጇን ልብስ እያሰጣች ነበር። እሑድ ጠዋት ነው፤ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶታል፣ ፀሐይ ብቅ ከማለቷ ደግሞ የቦሳ አዲስ ሰፈር ጣራ ሁሉ እንፋሎት ማውጣት ጀምሯል። እትዬ የኔነሽ ለማን እንደሚያወሩ ለማወቅ ጆሮዋን ወደ አጥሩ ጣል አደረገች። ባታደርግ ይሻላት ነበር።

«ወላሂ ይበሉኝ! በዓይንዎ አይተዋል?» አለች ሌላዋ፤ ሩፈይዳም ድምፁን ለየችው። የባሏ እህት አፊፋ ናት። በማለዳ ሚኒባስ ከአጋሮ መጥታ፣ እናቷ ቤት ሳትገባ በፊት ወሬውን ከጎረቤት እየተቀበለች ነው።

«እመብርሃንን! ሐሙስ ዕለት የጠቆረ ሙዝና የሻገተ ብርቱካን በፌስታል ቋጥራ ቦዩ ውስጥ ስትደፋ አይቻታለሁ። እናትሽ እኮ ከስተው ከስተው አንገታቸው ክር አክሏል። ደም ማነስ ያለበት ሰው ፍራፍሬ ካላገኘ በምን ይዳን?»

ሩፈይዳ እርጥቡን ልብስ በእጇ እንደጨበጠች ቆማ ቀረች። መጀመሪያ የተሰማት ሐዘን ነው ብንል ደስ ባለን፤ ግን አልነበረም። ንዴት ነው። አጥሩን አልፋ ሄዳ የሁለቱንም ነጠላና ሻርፕ አንድ ላይ መቋጠር አማራት። አፏን ከፍታ አንዲት ቃል ብትናገር ነገሩ ሁሉ እዚያው ያበቃ ነበር፤ ያቺን ቃል ላለመናገር ግን በአላህ ስም ምላለች።

ነገሩ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አማቷ እማ ረሺዳ ፊታቸው ገርጥቶ፣ እግራቸው አብጦ፣ ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ሐኪም ቤት የወሰደቻቸው እሷ ነበረች፤ ባሏ ሙስዓብ የአናጢነት ሥራውን ትቶ መምጣት አልቻለም። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የምርመራውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አየና ለሁለቱም በግልጽ ነገራቸው። ኩላሊታቸው ደክሟል። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶና ማንጎ ለጤነኛ ሰው እሰየው ነው፤ ለእሳቸው ግን መርዝ ነው። ፍሬው ውስጥ ያለውን ፖታሺየም የሚባል ንጥረ ነገር ጤነኛ ኩላሊት ያስወጣዋል፤ የእሳቸው ግን ስለማያስወጣው ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ልባቸውን ድንገት ሊያቆመው ይችላል። ድንችና ጎመንም ውሃው እየተደፋ ካልተቀቀለ ያው ነው፤ ካማራቸው አልፎ አልፎ ቁራጭ ፖም ይቅመሱ አለ። ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ እማ ረሺዳ የምራታቸውን እጅ ያዙ። አጋሮ ውስጥ የሚያውቁት አንድ ሰው ነበር፤ ልጆቹ የቡና መሬታቸውን ሸጠው አዲስ አበባ ለኩላሊት እጥበት አመላለሱት። ሰውየውም ሞተ፣ ልጆቹም ዛሬ በሰው መሬት ላይ ቡና ለቀማ ይውላሉ። «አፊፋ ከሰማች ቡናውን ትሸጣለች። ሙስዓብ ከሰማ ኩላሊቴን ልስጣት ብሎ ጎኑን ያስከፍታል። ደም ማነስ ነው በያቸው። ወላሂ በዪ» አሏት። ሩፈይዳም ወላሂ አለች። ቤት እንደገቡ እማ ረሺዳ ወረቀቱን ከሰል ላይ አደረጉትና እስኪያልቅ ድረስ ቁጭ ብለው አዩት።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደም ማነስ የተባለ እንደሆነ ጅማ ከተማ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁለቱም አላሰቡበትም። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የመስጊድ ሰው፣ የዕቁብ ሰው ሁሉ ፌስታል እያንጠለጠለ ይጎርፍ ጀመር። ሙዙ በዘለላ፣ ብርቱካኑ በኪሎ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር እየተገዛ፣ አቮካዶው ከየጓሮው እየተለቀመ። አላህ ያሽርልሽ፣ አፊያ ያድርግሽ እየተባለ ራስጌያቸው ይደረደራል። እማ ረሺዳ ደግሞ ሙዝ ነፍሳቸው ነው። በሁለተኛው ቀን ጠያቂ ሲወጣ «ይኼን ከዓይኔ አርቂልኝ፤ ራሴን አላምነውም፤ ቆልፊበት» ያሏት ራሳቸው ናቸው። እሷም ቆለፈችበት። ልጇ ዩምና አራት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀን አንድ ሙዝ ሰርቃ ስትልጥ ሩፈይዳ ከአፏ ነጠቀቻት። ስስት አይደለም። ለበሽተኛ የመጣ ሙዝ በልጅ እጅ የታየ እንደሆነ፣ እናትየዋ የአማቷን አፍ ነጥቃ ልጇን አበላች እንደሚባል ታውቃለች። ለሰው ብትሰጠው ደግሞ ያመጣው ሰው ይሰማል። ስለዚህ ፍሬው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይበሰብሳል፣ ቦይ ይገባል፣ ሌላ ይመጣል። እሷ በበኩሏ ከአስቤዛው ቀንሳ አንዷን ፖም በመቶ ብር እየገዛች፣ በስሱ እየቆረጠች ታቀርብላቸው ነበር። ይህችን ማንም አላየላትም። እሷም ታይልኝ አላለችም።

አፊፋ ገባች። ግማሽ ጆንያ አቮካዶና ማንጎ አሸክማ፣ በእጇ የሙዝ ዘለላ አንጠልጥላ። ሩፈይዳን «ሰላም ነው?» አለቻት እንጂ ጉንጯን ለሰላምታ አልሰጠቻትም። የእናቷ ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ ሁለት የእንጨት መቀመጫ ዱካ፣ ሙስዓብ ራሱ የሠራው ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን፣ ከማዳበሪያ የተሠራ ኮርኒስ። መስኮቱ የእትዬ የኔነሽን ግድግዳ ያያል። በክፍሉ ውስጥ ሽታ አለ፤ ጣፋጭ የሆነ፣ እንደ ጠላ ቤት የኮመጠጠ ሽታ። አፊፋ እናቷን አቅፋ ስታበቃ ሽታውን አሸተተች፣ ቁም ሣጥኑንም አየች። «ማል ታቴ እማ? ምን ሆንሽ? ለምን እንዲህ ከሳሽ?» አለች። እማ ረሺዳ ትራሳቸውን እያስተካከሉ «አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አሉ። «ምን እየበላሽ ነው?» ስትላቸው ግን ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ፤ «ሩፈይዳ ታውቃለች። ቁልፉ እሷ ጋ ነው።»

ሩፈይዳ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ይህችን ቃል ሦስት ሳምንት ሙሉ ለስንቱ ጠያቂ ሲሏት ሰምታለች፤ ሁልጊዜም በዚያችው ለስላሳ ድምፅ፣ ሁልጊዜም ወደ መስኮቱ እያዩ። መጀመሪያ ሰሞን ምሥጢራቸውን ለመሸፈን ነው ብላ አልፋው ነበር። አሁን ግን ገባት። ሴትዮዋ ምሥጢራቸውን የሚሸፍኑት በእሷ ስም ነው፤ ስሟ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ መሸፈኛ አይኖራቸውም። ወጥታ ምድጃው ጋ ሄደች። የምትሠራው ነገር አልነበራትም፤ የታጠበውን ድስት እንደገና አጠበች።

ረፋዱ ላይ እትዬ የኔነሽ መጡ። ጠዋት አጥር ላይ ያልተናገሩ ይመስል «ሩፊዬ፣ እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ?» ብለው ሁለቴ ሳሟት። ሁለት ኪሎ ብርቱካንና አንድ ዘለላ ሙዝ ይዘዋል። በጡረታ እስኪወጡ ድረስ የቤት ባልትናና የሳይንስ መምህርት ነበሩ፤ በዚህ ሰፈር ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢና በሽታ ተከላካይ ምግቦችን ከእሳቸው አፍ ያልተማረ ሰው የለም፤ አፊፋና ሙስዓብም ተማሪዎቻቸው ነበሩ። ዱካው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡና ትምህርቱን ጀመሩት። ብርቱካን ቫይታሚን ሲ ስላለው ብረትን ከምግብ ወደ ደም ያስገባል። ማንጎና ፓፓዬ ቫይታሚን ኤ አላቸው፣ ለዓይን ናቸው። አቮካዶ ጥሩ ቅባት አለው፤ እኛ ግን ከዛፉ ሥር ወድቆ ከብት ይረግጠዋል። «ሙዝ ደግሞ ፖታሺየም የተባለ ማዕድን የሞላበት ነው፤ ጡንቻን ያበረታል፣ የልብን ምት ያስተካክላል። በቀን ሁለት ሙዝ ብትበሉ ረሺዳዬ፣ በወሩ ገበያ ትወጣላችሁ» አሉ፤ ሲያከብሩ በብዙ ቁጥር የመናገር ልማድ አላቸው። ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ አንዱም አልተሳሳተም። ሩፈይዳ ሻይ ይዛ ገብታ ፖታሺየም የሚለውን ቃል ስትሰማ ቀና ብላ አማቷን አየች። እማ ረሺዳም ሰምተዋል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ አሮጊቷ ቀድመው ዓይናቸውን ሰበሩ።

«ቁልፉን አምጪው» አለች አፊፋ።

«የምን ቁልፍ?»

«የቁም ሣጥኑን ነዋ! የእናቴን ሙዝ የሸሸግሽበትን።»

ሩፈይዳ አማቷን ጠበቀቻቸው። አሁን ይናገራሉ አለች በልቧ፤ አሁን እንኳን «እኔ ነኝ ቆልፊ ያልኳት» ይላሉ። ሌላውን ይተዉት፤ ይህችን ብቻ ይበሉ። እማ ረሺዳ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ያፍተለትላሉ። እትዬ የኔነሽ ሻያቸውን ፉት እያሉ ኮርኒሱን ይመለከታሉ። ሩፈይዳ ቁልፉን ከጡቷ ሥር አውጥታ አልጋው ላይ ወረወረችው። አፊፋ ሦስተኛውን በር ስትከፍት ሽታው ክፍሉን ሞላው። የጠቆረ ሙዝ፣ አረንጓዴ ሻጋታ የለበሰ ብርቱካን፣ ውሃ የሆነ ማንጎ፤ ትንንሽ ዝንቦች ብን ብለው ወጡ። «ያ ረቢ!» አለች አፊፋ አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ፤ «ብትበዪው እንኳን ይቅር እልሽ ነበር። ይራባቸው ብለሽ ነው አይደል? ርቧቸው ይሙቱ፣ ቤቱን እወርሳለሁ ብለሽ ነው!» እትዬ የኔነሽ ሦስት ጊዜ አማተቡ፤ የእሳቸው ብርቱካን የቱ እንደሆነም በዓይናቸው ፈለጉ።

ሙስዓብ ለምሳ የመጣው በዚህ መሃል ነው። እሑድም ይሠራል፤ ቅንድቡ ላይ ሳጋቱራ እንዳለ በሩ ላይ ቆሞ የተከፈተውን ቁም ሣጥን አየ። እጁ የሠራው ዕቃ ነው፤ የታችኛው መደርደሪያ በብስባሹ ውሃ አብጦ ተሰንጥቋል። «ሩፈይዳ፣ ስንቴ ጠየቅሁሽ? እናቴ እየበላች ነው ወይ ስልሽ እየበሉ ነው አላልሽኝም?» አለ። አልጮኸም፤ ሙስዓብ አይጮህም። እሷ ግን ቢጮህ ትመርጥ ነበር። ስድስት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ለምን እንደቆለፈች ሊጠይቃት ሲገባ ፈርዶባት ገባ። ዩምና ከአባቷ እግር ሥር ሆና የአክስቷን አዲስ ሙዝ ታያለች።

አፊፋ ጊዜ አላጠፋችም። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም እያየ፣ ሁለት ትልልቅ አቮካዶ ሰነጠቀች፣ ሦስት ሙዝ ላጠች፣ ሳህን ላይ በሹካ ደቁሳ፣ ብርቱካን ጨምቃ፣ ስኳር ነስንሳ በትልቁ ብርጭቆ ከግማሽ በላይ ሞላችው፤ የተረፈው ሳህኑ ላይ ቀረ። «ከዛሬ ጀምሮ እናቴን የማጠጣት እኔ ነኝ» ብላ ወደ አልጋው ስትሄድ ሩፈይዳ መንገዱ ላይ ቆመች።

«አይጠጡትም።»

«ምን አልሽ?»

«አይጠጡትም አልኩሽ። ነገ ሰኞ ነው፤ ሐኪም ቤት ይዘሻቸው ሂጂና ራስሽ ጠይቂ። እስከዚያ ግን አይጠጡትም።»

«እስከ ነገ ጦሟን ትደር?» አለች አፊፋ፤ ከዚያ ወንድሟን ዞራ አየችው። ሙስዓብ የሚስቱን ክንድ ያዘና ወደ ጎን ሳብ አደረጋት። አያያዙ አላሳመማትም፤ መያዙ ግን አሳመማት። እማ ረሺዳ ብርጭቆውን ተቀበሉ። ሩፈይዳ ሴትዮዋ ከንፈራቸውን በምላሳቸው ሲያርሱ አየች፤ ከሦስት ሳምንት ረሃብ በኋላ እንደሚያርስ ሰው። ያኔ መሐላው ከአፏ ወደቀ።

«ኩላሊታቸው ነው!» ብላ ጮኸች። «ደም ማነስ አይደለም። ሐኪሙ እኔም እሳቸውም እያለን ነው የነገረን። ሙዙም አቮካዶውም ልባቸውን ያቆመዋል። አስምለውኝ ነው ዝም ያልኩት!»

እትዬ የኔነሽ የሻይ ብርጭቆውን ወደ አፋቸው እንዳስጠጉ ቀሩ። ሙስዓብ እጁን ከሚስቱ ክንድ ላይ አንስቶ ወደ አልጋው ቀረበ። «እማ፣ እውነት ነው?» አለ። እናትየው ቀና ብለው አዩት። ፊቱን አይደለም ያዩት፤ ጎኑን ነው፤ ሳጋቱራ የነካው ሸሚዙ የተጣበቀበትን ጎኑን። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ትዋሻለች» አሉ። «ሐኪሙ ያለው ደም ማነስ ነው።»

ሩፈይዳ ወደ እትዬ የኔነሽ ዞረች፤ ሌላ የቀራት ሰው አልነበረም። «እትዬ፣ እርስዎ አስተማሪ ነዎት፤ ያውቃሉ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሙዝ ይበላል? እባክዎ ይንገሯቸው!» አለቻቸው። እትዬ የኔነሽ ያውቃሉ። ኩላሊት የምትለውን ቃል እንደሰሙ የእግሩን ማበጥ፣ የፊቱን መገርጣት ከዚያ ጋር አያይዘው ገብቷቸዋል። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሙዙን ያመላለሱት እሳቸው ናቸው፤ ሰፈሩን ያዳረሱትም፣ ዛሬ ጠዋት አፊፋ ላይ ነገር የጫሩትም እሳቸው። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መዋጥ አልቻሉም። «እንግዲህ... እንደ ሰዉ ነው፤ ሐኪም ነው የሚያውቀው» አሉና ነጠላቸውን አጣፉ። ሩፈይዳ በዚያች ደቂቃ ከአማቷም፣ ከአፊፋም፣ ከባሏም አብልጣ የጠላቻቸው እሳቸውን ነው።

እማ ረሺዳ ብርጭቆውን ወደ አፋቸው አነሱት። እውነቱን ከመናገር ሊጠጡት ቆርጠዋል። ሩፈይዳ ተንደርድራ ከእጃቸው ነጠቀችው። ልትደፋው አስባ ነበር፤ ብትደፋው ግን አፊፋ ሌላ እንደምትሠራ፣ ድፍድፉ ገና ሳህኑ ላይ እንዳለ አየች። እሱንም ብርጭቆው ላይ ገለበጠችው። ከዚያ ጠጣችው። እዚያው፣ በሁሉም ፊት፣ ወፍራሙ አቮካዶ በአገጯ እየወረደ፣ ትን እያላት፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣችው። ለአሥራ አምስት ዓመት የሚወራ ወሬ በገዛ እጇ ለሰፈሩ ሰጠች፤ የአማቷን ፍራፍሬ ከአፋቸው ነጥቃ የበላች ምራት። ባዶውን ብርጭቆ ዱካው ላይ አስቀመጠች።

«አያችሁልኝ?» አለች አፊፋ እጇን አፏ ላይ ጭና። «በዓይናችሁ አያችሁልኝ?»

«ዺሲ፣ ተያት» አሉ እማ ረሺዳ። ድምፃቸው ቀዝቅዟል። ምራታቸውን አላዩዋትም። «እኔ በቅቶኛል፤ አምሮቴ ጠፍቷል፤ ሌላ እንዳትሠሪ። እሷ ግን ከቤቴ ትውጣልኝ።»

ሙስዓብ ወደ እናቱ ዞረ። ሩፈይዳ አልጠበቀችውም። ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለው የእናቷ ቤት በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። የዩምናን ሁለት ቀሚስና የራሷን ልብስ በሻንጣ ከተተች፣ ከገመዱ ላይ ያልደረቀውን ሰብስባ ከላይ ጨመረች፣ አገጯን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። አላለቀሰችም። የምታለቅስ መስሏት ነበር፣ እንባው ግን አልመጣም፤ የመጣው ሌላ ነገር ነው። ልጇን በእጇ ይዛ የአማቷ ክፍል በር ላይ ቆመችና ለአፊፋ፣ ለአፊፋ ብቻ፣ የቤት አደራ እንደምታስረክብ ሴት ትናገር ጀመር።

«ድንቹን ልጠሽ፣ ከትፈሽ፣ ውሃ ውስጥ ታሳድሪዋለሽ። ጠዋት ውሃውን ደፍተሽ በሌላ ውሃ ትቀቅይዋለሽ፤ ያንንም ደፍተሽ እንደገና። ጎመኑንም እንደዚያው አድርጊው። ጨው አታስገቢ፤ ቢያለቅሱብሽም አታስገቢ። የሚጠጡት ውሃ በዚያች ቢጫ ኩባያ በቀን ሦስት ብቻ ነው፣ ሻዩም ከሱ ይቆጠራል። ማታ ማታ ቅልጥማቸውን በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊው፤ ጎድጉዶ ከቀረ እስኪነጋ ሳትጠብቂ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።»

አፊፋ ሌላ አቮካዶ ልትሰነጥቅ ያነሳችው ቢላዋ እጇ ላይ ቀረ። ይህን ሁሉ ፈጥሮ የሚናገር ውሸታም የለም። እናቷን አየች፤ እማ ረሺዳ ወደ ግድግዳው ዞረው ብርድ ልብሱን እስከ ጆሯቸው ስበዋል። እትዬ የኔነሽ ተነስተው በቀስታ ወደ በሩ ይጠጉ ነበር። ሙስዓብ የአልጋውን ራስጌ ይዞ ቁጢጥ አለ።

«ሩፈይዳ» አለች አፊፋ፤ ስሟን ስትጠራት በዚያ ቀን የመጀመሪያዋ ነው። «ለደም ማነስ ድንች ለምንድን ነው ሁለቴ የሚቀቀለው?»

«እናትሽን ጠይቂያቸው» አለቻትና የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።